ቅብ ላይ ቅብ

በኤረር በር ገባች፣ ረመዳን ሁለት ወር ሲቀረው፤
ሻንጣዋን ስትከፍት፣ ልብስ ሳይሆን ቢላ ነው የሞላው።
ጠባብ ቢላ፣ ሰፊ ቢላ፣ የተጣመመ፣ የዶለዶመ፤
«ሥጋ ቆራጭ ናት እንዴ?» አሉ አይ ሙኒራ፣ ፊታቸው ጨለመ።
«ሠዓሊ ናት» አለ ኢምራን፣ የመኪና ግርግሩ የሰፊው ልጅ፤
ብሮንዊን ትባላለች። «ብሩንዲ» አሏት ሕፃናቱ፣ ገና ከደጅ።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ፣
የሱቅ መዝጊያ፣ የመስጊድ አጥር፣ ጣሪያና ጓዳ።
ስንቱ ቀጥሮኛል! እንደሷ የጠየቀኝ ግን የለም፦
«ይህ ግድግዳ ስንት ጊዜ ተቀብቷል?»

ቆጠርኩላት።
ከሥር የአባቴ ኖራ፣ ሦስት ቀን በበርሜል የፈላ።
በላዩ ሰማያዊ፣ በሶማሌ ጦርነት ዓመት፣
ከሱቅ ሌላ ቀለም ሲጠፋ።
በላዩ አረንጓዴ፣ ዘይኑባ ልትዳር ሰሞን፤
የእኔ የመጀመሪያ ብሩሽ፣ ዘይቱ የበዛበት።
በላዩ ሮዝ። እሱን ማን እንዳዘዘ ዛሬም እንካካዳለን።
ከዚያ ነጭ፣ ነጭ፣ ክሬም፣ ነጭ።
ሃያ ሰባት ላይ ተምታታብኝ።
እሷ ጽፋዋለች።

ከሰዓት በኋላ፣ በርጫው ሲሞቅ፣ ታሪኳን ኢምራን ተረጎመ፦
«መጀመሪያ ፊት ነበር የምሥለው።
የዳኛ ፊት፣ የባንክ ሹም ፊት፣ ባለፈረሱን ከነፈረሱ።
አገጭ ቀንሼ፣ ዓይን አብርቼ፤ ከፈሉኝ፣ ሰቀሉት፣ ረሱ።
እናቴ ስትሞት ፊቷን ልሥል ተቀመጥኩ፤
እጄ እንደለመደው አገጯን ቀነሰ።
ያን ቀን ፊት መሣል ተውኩ።
ወደ ባሕር ዳር ሄድኩ።»

«ጣና?» አሉ አይ ሙኒራ።
«አይ፣ የራሳቸው ባሕር» አለ ኢምራን።

ዐሥር ዓመት ውኃ ሣለች። ከዚያ ጀልባውን ከሸራው አወጣች፣
ከዚያ ወፉን፣ ከዚያ ማዕበሉን፤
ግራጫ ብቻ ሲቀር፣ ገዢም አብሮ ወጣ።
ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ሥዕል አልሸጠችም።
ቀን የትምህርት ቤት ሳህን ታጥባለች፣
ማታ ትቀባለች፣ ሲነጋ ትፍቃለች።

«አሁንስ?» አልኩ።
ኢምራን የአንዱን ሸራ ዋጋ በብር አባዝቶ ነገረን።
ጫቱ ከእጄ ወደቀ።
አይ ሙኒራ ዞረው ግድግዳቸውን አዩት።

አሠራሯ እንዲህ ነው፦
ትቀባለች። ታደርቃለች። በቢላ ትፍቃለች።
ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ።
መድረቁን ለማወቅ ጉንጯን ታስጠጋለች፤
ከቀዘቀዘ፣ ገና ነው።
«የምቀባው ልፍቀው ነው» አለች፣ «አልላቀቅ ያለው ቀለም፣
ሥዕሌ እሱ ነው፤ ስሜን የምጽፈው ሌላው ላይ አይደለም።»

እኔ የሚከፈለኝ እንዳይላቀቅ ነው፣ አልኳት።
«ያው ነው» አለች።
ያው አይደለም። ግን ዝም አልኩ።

አስፈቅዳ ከጥጉ መዳፍ የምታህል ፋቀች፤
እንደ ቀይ ሽንኩርት ዓመታቱ ተደራርበው ወጡ።
ፊት ለፊቱ አርባ ቀን ተቀመጠች።

ረመዳን ሊገባ ሲል «ረምዚ፣» አሉ አይ ሙኒራ፣
«ቤቴ ይቀባ። ይህንንም ቁስል ድፈንልኝ።»
ባልዲዬን ይዤ ብሮንዊንን አየኋት። አልከለከለችኝም።
ብሩሹን ብቻ ለመነችኝ፦ «አንድ ክንድ ልቀባ?»
ቀባች። ተንጠባጠበ፣ ተዥጎረጎረ፣ ወለሉ ድረስ ወረደ።
ሸራ ላይ እመቤት፣ ግድግዳ ላይ ጀማሪ!
ስትተኛ ተመልሼ ደገምኩበት።
እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ዘንድሮ ኢምራን በስልኩ ፎቶ አሳየኝ።
ለንደን፣ ሰፊ አዳራሽ፤ ለቅሶ የመጡ ይመስል
ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ዝም ብለው ቆመዋል።
ሥዕሉ በር ያህላል። ነጭ፣ ክሬም፣ ነጭ፣
ከግራው ጠርዝ ግን፣ ቀጭን፣ እንደ ክር፣
ያ ዘይቱ የበዛበት አረንጓዴ።
አልላቀቅ ያለው እሱ ኖሯል።
ከግርጌው ስሟ አለ። የእኔ የለም፤
ግድግዳ ላይ ፈርሜም አላውቅ።

አይ ሙኒራ መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት።
«ደግ ነው፣» አሉ፣ «ጥጉን ግን አልጨረሰችውም።»
ለዘንድሮ ቢጫ ይፈልጋሉ።
ነገ ሸዋ በር ወርጄ ዱቄቱን እጠይቃለሁ።